እውነት ወይስ ተረት? ዓባይን ሲሻገር የሚጠፋ ቮልስ ምን ነክቶት ነው?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ዲማ የሚሄድ አሮጌ መኪና በአንድ ቀን ጉዞ ደጋንም ቆላንም ያያል። ጎሃ ጽዮን ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በጥምዝምዙ ቁልቁለት 1,400 ሜትር ያህል ወርዶ ዓባይ ድልድይ ይደርሳል፤ ድልድዩን እንደተሻገረም ያንኑ ያህል ዳገት ወጥቶ ደጀን ይገባል። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ወደ ቢቸናና ሞጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩባት፣ ብዙዎቻችን ደግሞ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የምናውቃት ዲማ ያለችው በዚህ በሁለተኛው በኩል ነው።

ቮልስ፣ ላዳ ወይም አሮጌ ላንድክሩዘር ይዞ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው አንድ ስጋት አለው፤ ሞተሩ እየሄደ ቀጥ ቢልብኝስ የሚል። ስጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ መኪኖች ካርቡሬተር ያላቸው፣ እሳታቸውም በኮንታክትና በኮንደንሰር የሚመጣ ናቸው፤ ሙቀት፣ ከፍታና እርጥበት ሲለዋወጥ ያለባቸው ድክመት ሁሉ ይገለጣል። አሳሳቢው ሌላ ነው። መኪናው በቆመበት የሚሰበሰበው ምክር አብዛኛው ከአንዱ ሾፌር ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ፣ ማንም ያልፈተሸው ነው። በዚያ ምክር ደህና ፓምፕ ይጣላል፣ ደህና ካርቡሬተር ይፈታል፣ አንዳንዴም ደህና ሞተር ይወርዳል።

ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ያስጨንቃል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ መመረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው፤ 21,529,464 መኪና ከተሠራ በኋላ። አገራችን ውስጥ ያሉትን ጠብቀን ካልያዝናቸው ምትክ የላቸውም። ስለዚህ ስለሞተር መጥፋት የሚነገረውን እንደ መንገዱ ቅደም ተከተል እንመርምር።

«ሞተሩ ከጠፋ ቤንዚን ነው፤ ካርቡሬተሩ ይታጠብ»

ከሁሉ የተስፋፋው ይህ ነው፤ እንደ ጠቅላላ ፍርድ ሲወሰድም ተረት ነው። የቤንዚን ሞተር እንዲሠራ በልክ የተቀላቀለ ቤንዚንና አየር፣ በሰዓቱ የሚመጣ እሳት እና ሲሊንደሩ ውስጥ በቂ እመቃ ያስፈልገዋል። እመቃ የሚደክመው በወራትና በዓመታት ነው። ደህና ሲሄድ ቆይቶ መንገድ ላይ የጠፋና ከቆይታ በኋላ ተመልሶ የሚነሳ ሞተር እንግዲህ ወይ እሳት አጥቷል፣ ወይ ቤንዚን አጥቷል፣ ወይም ቤንዚን በዝቶበታል።

ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ አጠፋፉ ይጠቁማል። እሳት ያጣ ሞተር ቁልፍ እንደተዘጋበት በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ቤንዚን ያጣ ሞተር ግን ይንተፋተፋል፣ መኪናውን ወደፊትና ወደኋላ ያንገጫግጫል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይታፈናል፣ ጥቂት ይሻለውና እንደገና ይደክማል፤ የሚጠፋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቤንዚን የበዛበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ይሸታል፣ ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር (ሚኒሞ ላይ) መቆም ያቅተዋል።

ጥቆማ ግን ጥቆማ ነው፤ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ መኪናው በቆመበት፣ ሞተሩ ሳይበርድ፣ ሁለት ነገር መታየት አለበት።

የመጀመሪያው ቤንዚን ነው። ቁልፉን ዘግተው የአየር ማጣሪያውን ያንሱና በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ቁልቁል እየተመለከቱ የነዳጅ መስጫው ሽቦ የታሰረበትን ክንድ በእጅዎ ሳብ ያድርጉት። ጉሮሮው ውስጥ ካለችው ቀጭን የነሐስ ቱቦ ቤንዚን እንደ ክር ሆኖ ከተረጨ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ደርሷል ማለት ነው። ፓምፑ፣ ማጣሪያውና መስመሩ በዚያች ደቂቃ ከጥርጣሬ ነጻ ናቸው። ጂግሌሩ፣ ማለትም ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚን አልመጣም ማለት ግን አይቻልም። ምንም ካልተረጨ ደግሞ ጥፋቱ ከካርቡሬተሩ ወደ ኋላ፣ እስከ ነዳጅ ቋቱ ድረስ ባለው መስመር ላይ ይፈለግ።

ሁለተኛው እሳት ነው። ማጣሪያውን ቦታው ይመልሱ፤ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ወይም ኃይለኛ ሽታ ካለ ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። የእሳቱን ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ከሚፈጥረው ከቦቢናው ወጥቶ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መሃል ላይ የሚገባውን ወፍራም ገመድ ይንቀሉ። ጫፉን ፕላስቲክ እጀታ ባለው ደረቅ ፒንሳ ይዘው ከሞተሩ ብረት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያርቁት፤ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። ሰማያዊ እሳት ድምፅ እያሰማ በኃይል ከዘለለ እሳቱ እስከዚያ ድረስ ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀሩት ክዳኑ፣ ሮተሩ፣ ገመዶቹና ካንዴላዎቹ ናቸው። ቢጫ፣ ቀጭን፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ካርቡሬተር ማጠብ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለቱ ፍተሻዎች አምስት ደቂቃ አይፈጁም። አምስቷ ደቂቃ ግን እዚያው መንገድ ላይ ያለችው ናት። ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር ሲበርድ ደህና ነው፤ ተጎትቶ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ እስኪገባ ማስረጃው ጠፍቷል። መካኒኩ ቁልፍ ሲያዞር ሞተሩ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ግምት ይሆናል።

አንድ ዘመዴ ቮልሱ ከደጀን አልፎ ጠፋበትና ተጎትቶ ጋራዥ ገባ። ካርቡሬተሩ ታጠበ፣ ማጣሪያው ተቀየረ፣ ካንዴላዎቹም ተቀየሩ። ከከተማ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ እንደበፊቱ ጠፋ። በዚህኛው ጊዜ አብሬው ነበርኩ፤ ፀሐይ እየጠለቀች ስለነበር ማየቱ ቀለለን። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንስተን እሱ ሞተሪኖውን ሲያዞር፣ በኮንታክቱ ሁለት ጫፎች መካከል ወፍራም ብጫማ እሳት ይፈነጥቅ ነበር። እዚያ ላይ ይህን የሚያህል እሳት መታየት የለበትም። ኮንታክቱ ሲከፈት የሚፈጠረውን ብልጭታ የሚውጠው ኮንደንሰሩ ነው፤ ኮንደንሰሩ ሲሞት እሳቱ እዚያው ይቃጠላል፣ ካንዴላው ላይ የሚደርሰው ደካማ ይሆናል። ኮንታክቱን በካቻቢቴ ስንከፍተው ጫፎቹ ጠቁረው ሰማያዊ መልክ ይዘው ነበር። ኮንደንሰር ጣት የማታህል ትንሽ የብረት ቆርቆሮ ናት፤ በአንድ ብሎን ትታሰራለች። ከአሮጌ ዲስትሪቢዩተር ላይ የተፈታች አንዲት ቀየርንና መኪናው መንገዱን ቀጠለ።

የካርቡሬተር መታጠብ ፈጽሞ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ ፕላስቲክ ተገዝቶ በሚቀዳበት ቦታ ውሃና ቆሻሻ አብሮ ይገባል። ቆሻሻው የሚመጣው ከነዳጅ ቋቱ ከሆነ ግን ካርቡሬተሩን ዛሬ ቢያጥቡት ከሳምንት በኋላ መልሶ ይደፈናል፤ መጽዳት ያለበት ቋቱ ነው። ውሃ መኖሩን ማወቅ ቀላል ነው። ከካርቡሬተሩ በታች ካለው ቱቦ ጥቂት ቤንዚን በብርጭቆ ጠርሙስ ይቅዱና ያስቀምጡት፤ ውሃ ካለ ከታች ይዘቅጣል፣ ድንበሩም በዓይን ይለያል። በ2001 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል መጀመሩ፣ በኋላም ወደ 10 በመቶ ማደጉ ለአዳዲስ መኪኖች ችግር አልነበረም። በ1960ዎቹ የተሠራ የጎማ ቱቦ ግን በኢታኖል ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ፍርፋሪውም ማጣሪያ ውስጥ ይገባል። ቱቦዎቹ የፋብሪካ ከሆኑ ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል።

«ቁልቁለት ላይ ሞተር ያርፋል»

አያርፍም። ከጎሃ ጽዮን ሲወርዱ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ እንዳነሱ የሚጠፋ ቮልስ ካለ ጥፋቱ የሚኒሞው መስመር ላይ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩት የሶሌክስ ካርቡሬተሮች ጎናቸው ላይ አንድ ሽቦ የገባበት ትንሽ ሲሊንደር አላቸው፤ ቁልፍ ሲከፈት የሚኒሞውን ቤንዚን የሚለቅ፣ ቁልፍ ሲዘጋ የሚያግድ ነው። ያ ሽቦ ከላላ ነዳጅ እየሰጡት ይሄዳል፤ እግርዎን ባነሱ ቁጥር ይጠፋል። ቁልፉን ከፍተው፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሽቦውን ነቀል መለስ ያድርጉት። «ጠቅ» ካላለ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይ ሞቷል።

ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ፣ ማርሽ ፍሪ አድርጎ ዓባይን መውረድም ከዚሁ ተረት የመጣ ነው፤ ይህኛው ነፍስ ያጠፋል። በማርሽ የሚወርድ መኪና ሞተሩ ይይዘዋል። በፍሪ የሚወርደው ግን ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥላል፤ ፍሬኑ ሲግል የፍሬን ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ሞተሩ በራሱ ቢጠፋብዎም ማርሹን አያውጡ፤ ጎማው ሞተሩን እያዞረ ፍጥነቱን ይይዝልዎታል።

መኪናው ሲቆም ቮልስ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቁልፉ ክፍት ሆኖ ሞተሩ መዞር ሲያቆም ዳሽቦርዱ ላይ የዲናሞና የዘይት መብራቶች መብራት አለባቸው። ካልበሩ ኤሌክትሪክ ከመነሻው ተቋርጧል፤ ቁልፉ፣ የባትሪው ገመድ ወይም በመካከል ያለ ሽቦ ነው። ከበሩ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ደህና ነው። የዲናሞው ቀይ መብራት ሞተሩ እየሠራ ከበራ ግን ወዲያው ይቁሙ፤ የቮልስን ማራገቢያና ዲናሞ የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ነው፣ እሱ ከተበጠሰ ሞተሩ ማቀዝቀዣ የለውም።

«ውሃ ስናፈስበት ተነሳ፤ ቤንዚኑ ፈልቶ ነበር»

ይህኛው ግማሽ እውነት ነው፤ አደገኛነቱም ከዚያ ይመጣል። ቤንዚን በመስመሩ ውስጥ ወደ እንፋሎት መለወጡ እውነተኛ ነገር ነው። ፓምፑ የተሠራው ፈሳሽ ለመግፋት ስለሆነ እንፋሎት ሲሞላበት በከንቱ ይመታል። ታዲያ በሾፌሮች ዘንድ የሚነገረው «ቤንዚን የሚፈላው በረሃው ላይ ነው፤ ደጀን ከደረስን ተረፍን» የሚል ነው። ትክክለኛው ግን ተቃራኒው ነው። ፈሳሽ የሚፈላበት ሙቀት በአየሩ ግፊት ይወሰናል። ደጀን ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃ እንኳ እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በደጋ ባቄላ ለመብሰል ጊዜ የሚወስደውም ስለዚሁ ነው። ቤንዚንም እንደዚሁ ከፍታ ላይ ቀድሞ ይፈላል። በረሃው ውስጥ ግሎ፣ በዳገቱ በዝቅተኛ ማርሽ ተጨናንቆ የወጣ ሞተር ለቤንዚን መፍላት በጣም የሚመቸው ደጀን ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚመቸው ደግሞ ደርሶ ሲቆም ነው። መኪናው እየሄደ ማራገቢያው ሙቀቱን ያስወግዳል። ሻይ ለመጠጣት ሞተር ሲያጠፉ ማራገቢያውም ይቆማል፤ የሞተሩ ግለት ወደ ፓምፑና ወደ ካርቡሬተሩ ይወጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲያስነሱት ይነሳል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ በቀረው ቤንዚን ጥቂት መቶ ሜትር ይሄድና ይንተፋተፋል። በአሮጌው ባለቤንዚን ላንድክሩዘር ላይ ካርቡሬተሩ የተቀመጠው ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በላይ ስለሆነ ነገሩ ይከፋል፤ ቶዮታ ራሱ በኋላ በመጡት ላይ ሞተር ከጠፋ በኋላ ካርቡሬተሩን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ማራገቢያ ጨምሮበታል። እንዲህ ሲሆን ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ፈልቶ ወደ ማኒፎልዱ ይፈስና ሞተሩ በቤንዚን ብዛት ይታፈናል። ያኔ ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ መርገጥ ነገር ማባባስ ነው። አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ረግጦ ይዞ ሞተሪኖውን ማዞር ይበቃል።

እንግዲህ እርጥብ ጨርቅ ወይም ውሃ ለምን ያስነሳል? ፓምፑን ስላቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። ውሃው ግን ቦቢናውንም ነክቷል፤ ውሃ ፍለጋ ሲኬድም ሃያ ደቂቃ አልፏል። ሲግል ውስጡ የሚቆራረጥ ቦቢና እና ሲሞቅ የሚሞት ኮንደንሰር ሃያ ደቂቃ ካረፉ ያለ ውሃም ይነሳሉ። ውሃውን ያፈሰሰው ሰው ድል ያደረገው ምኑን እንደሆነ አያውቅም፤ «ቤንዚን ነው» ብሎ አዲስ ፓምፕ ይገዛል፣ በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና ይቆማል።

ለመለየት አንድ በአንድ መሄድ ነው። ከላይ የጻፍኳቸውን ሁለት ፍተሻዎች በቅድሚያ ያድርጉ። ቤንዚኑ ከደረቀና እሳቱ ጠንካራ ከሆነ እርጥቡን ጨርቅ ፓምፑና ቱቦው ላይ ብቻ ያድርጉ፤ ወዲያው ቤንዚን መምጣት ከጀመረ እንፋሎት ነበር። መድኃኒቱም ቱቦውን ከግለት ማራቅ፣ የጎደለውን የሞተር ዙሪያ ቆርቆሮና ጎማ መመለስ ነው። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ አይግልም የሚሉ ሰዎች ያንን ቆርቆሮ «ትርፍ ነው» ብለው ይጥሉታል። ትርፍ አይደለም፤ ሞቃቱን አየር ከቀዝቃዛው የሚለይ ግድግዳ ነው።

እሳቱ ከደከመና ቤንዚኑ ካለ ግን ፓምፑን ይተዉት። ቦቢናው እጅ ስላቃጠለ ብቻ ተበላሽቷል ማለትም ትክክል አይደለም፤ ጤነኛ ቦቢናም እጅ የማያስነካ ግለት ላይ ይሠራል። የሚፈርደው ደህና መሆኑ በታወቀ ሌላ ቦቢና መቀየርና ማየት ነው። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ከፍቶ ሙዚቃ መስማት ደግሞ ደህናውንም ቦቢና ያቃጥላል።

«ዳገት ላይ ቤንዚኑ አይደርሰውም»

በየትኛው መኪና? የላዳ ቋት ከኋላ፣ ሞተሩ ከፊት ነው፤ ዳገት ሲወጣ ፓምፑ ቤንዚኑን ሽቅብ መሳብ አለበት፤ የፓምፑ ጎማ ከደከመ ዳገቱ ያጋልጠዋል። ቮልስ ግን ቋቱ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። ዳገት ሲወጣ ቋቱ ከሞተሩ በላይ ይሆናል፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ፓምፑ ይወርዳል። ስለዚህ ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ የሚጠፋ ቮልስ «ዳገቱ ቤንዚን ከለከለው» ሊባል አይችልም። ግለት ነው፣ እሳት ነው፣ ወይም ቀጥሎ የምለው የክዳን ጉዳይ ነው።

ዳገቱ ላይ መድከም ግን መጥፋት አይደለም። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ቤንዚኑም በአየሩ ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል። ቾክ ስቦ ተጨማሪ ቤንዚን መስጠት በዚህ ላይ ሌላ ጉዳት ነው።

«ክዳን ክዳን ነው»

የቤንዚን ክዳን ሲጠፋ ጨርቅና ፌስታል መወተፍ፣ ወይም ከሌላ መኪና የተገኘ ክዳን መግጠም የተለመደ ነው። ቤንዚን ከቋቱ ሲወጣ ቦታውን አየር መያዝ አለበት፤ አየሩ የሚገባው በክዳኑ ወይም ለዚሁ በተሠራ ትንሽ ቱቦ ነው። መግቢያው ከተደፈነ ቋቱ ውስጥ አየር አልባ ስበት ይፈጠራል፣ ፓምፑም ማሸነፍ ያቅተዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከተነሱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል፣ ጥቂት ቆሞ ይነሳል፣ እንደገና በዚያው ልክ ይጠፋል። እንደጠፋ ወዲያው ክዳኑን ይክፈቱ። አየር «እስስስ» ብሎ ሲገባ ከሰሙ ምርመራው አልቋል።

«ደጋው ለሞተር ይስማማል»

ከደጀን ወዲያ ያለውን ለጥ ያለ ሜዳ የያዘ ሾፌር እፎይ ይላል። በበጋ ልክ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን፣ የጮቄ ተራራ ጉም ወርዶ ቢቸናንና ዲማን ሲሸፍን፣ ብዙ ሰው የማያምነው ነገር ይሆናል፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ይሠራል።

ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር በዚህ ምክንያት ከ20 ዲግሪ በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ውጪው 10 ወይም 12 ዲግሪ ሆኖ አየሩ በእርጥበት ከተሞላ፣ እርጥበቱ ካርቡሬተሩ ውስጥ ግድግዳው ላይ ይረጋል፣ የአየሩን መተላለፊያ ያጠባል። መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ሚኒሞ ላይ አይቆምም፣ ይጠፋል። ሾፌሩ ወርዶ ኮፈኑን እስኪከፍት የሞተሩ ግለት በረዶውን ያቀልጠዋልና ምንም አያገኝም። «በራሱ ተሻለው» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። በአነስተኛ አውሮፕላኖች ላይ ይህ ነገር ሞት ስለሚያመጣ እያንዳንዱ አብራሪ ይማረዋል፤ ለመኪና ባለቤት ግን የሚነግረው የለም።

የቮልስ መሐንዲሶች አውቀውት ነበር። ከጭስ ማውጫው ተነስቶ ከካርቡሬተሩ ሥር የሚያልፍ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ትኩሱ ጭስ በእሱ ውስጥ ገብቶ ማኒፎልዱን ያሞቃል። በ50 ዓመት ውስጥ ቱቦው በጥላሸት ይደፈናል። ሞተሩን ከብርድ ያስነሱና አምስት ደቂቃ ይተዉት፤ ከዚያ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ በቀኝም በግራም በጥንቃቄ ዳሰስ ያድርጉ። ሁለቱም በኩል እጅ የማያስቀምጥ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ ከሆነ ተደፍኗል፤ መካኒክ በብረት ሽቦ ሊከፍተው ይችላል። ትኩስ አየር ወደ ማጣሪያው የሚያመጣው ወፍራም ቱቦም «ለኢትዮጵያ አያስፈልግም» ተብሎ ይጣላል። ለምሥራቅ ጎጃም ክረምት ያስፈልጋል።

«ሊድ ከቤንዚን ከወጣ ወዲህ አሮጌ መኪና አልሆነለትም»

ከመጥፋት ጋር አይገናኝም። ሊድ ማንኳኳትን እንደሚከላከል እ.ኤ.አ. በ1921 የታወቀ የቤንዚን ቅመም ነበር፤ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መጀመሪያ አስወገዱት፣ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያም በ2021 አቆመች። የሊድ መቅረት ሊጎዳ የሚችለው የቫልቭ መቀመጫን ነው፤ እሱም በዝግታ። የቮልስና የላዳ ቴስታ አሉሚኒየም ስለሆነ መቀመጫው ለብቻው የተገጠመ ጠንካራ ብረት ነው። የቫልቩን ክፍተት በየጊዜው የሚያስለካ ሰው ከዚህ በኩል የሚያሰጋው ነገር የለም።

«ሞተሩ አልቋል፤ ይውረድ»

እስቲ ይህን ፍርድ ማስረጃ እንጠይቀው። ቀለበቱ ያለቀ ሞተር ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ቀኑን ሙሉ ደካማ ነው። አንድ ሰዓት ደህና ሄዶ፣ ጠፍቶ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደህና አይነሳም። መኪናዎ ይህን ሁለተኛውን ከሆነ የሚያደርገው፣ እመቃው በመለኪያ ሳይለካ አንድም ብሎን አይፈታ። መለኪያው በካንዴላው ቀዳዳ የሚገባ ቀላል መሣሪያ ነው፤ አራቱን ሲሊንደር ለመለካት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም። መለኪያ የሌለው ጋራዥ ሞተር ለማውረድ ሥልጣን ሊሰጠው አይገባም።

ለመካኒኮቻችን አንድ ልመና አለኝ፤ ያለ መጽሐፍና ያለ ዕቃ እነዚህን መኪኖች እስከ ዛሬ ያቆዩልን እነሱ ናቸውና ልመናው በአክብሮት ነው። ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት ባለቤቱን ይጠይቁ፦ ድንገት ነው የጠፋው ወይስ እየተንተፋተፈ? ከስንት ጊዜ በኋላ ተነሳ? በጠፋበት ደቂቃ እሳትና ቤንዚን ታይቷል? መልስ ከሌለው እቃ ከመቀየር ይልቅ መኪናውን እስኪጠፋ ድረስ ይዞ መውጣት ይሻላል።

ባለቤቱም ዓባይን ከመውረዱ በፊት መኪናው ውስጥ ጥቂት ነገር ይያዝ፤ አንድ ቺንጊያ፣ አንድ ኮንታክት፣ አንድ ኮንደንሰር፣ የኮንታክቱን 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ባዶ የብርጭቆ ጠርሙስ። ሶማሌ ተራ ሄደው አዲስ ኮንደንሰር ሲገዙም እዚያው አዲስ አበባ ገጥመው ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይንዱበት፤ አዲስ የሆነ ሁሉ ደህና አይደለም። ከመኪናው የወጣውን፣ ሲሠራ የነበረውን አሮጌ ኮንደንሰር ደግሞ አይጣሉት፤ በወረቀት ጠቅልለው መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጡት።